ከጤነኛ ልጅ ጣት ደም የሚወሰደው ለምንድን ነው?

ጥያቄ፦ «በአንድ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የበሽታ ቅኝት ባለሙያ ነኝ። የወረዳችን የኩፍኝ ክትባት ሽፋን በሪፖርት 104 በመቶ ነው። ሆኖም በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ የኩፍኝ ወረርሽኝ ተነሥቶብናል። አሁን ደግሞ አንድ የጥናት ቡድን ከጤነኛ ልጆች ጣት ደም በወረቀት ላይ እያንጠባጠበ ሊወስድ ነው፤ ‹የአንቲቦዲ ዳሰሳ› ይሉታል። ወላጆች ‹ልጄ ሳይታመም ደሙን ምን ሊያደርጉት ነው?› ሲሉኝ አጥጋቢ መልስ አጣለሁ። በየሳምንቱ ከምንልከው ሪፖርት የተለየ ምን ይነግረናል? አንቲቦዲ የተገኘበት ልጅ ታሟል ማለት ነው? እንደኛ ላለ ደሃ አገርስ ገንዘቡ በዚህ ላይ መዋሉ ተገቢ ነው?»

ምላሽ፦ ከ104 በመቶው ልጀምር፤ የጥያቄዎ ግማሽ መልስ እዚያ ውስጥ ነው። ያ ቁጥር የሚገኘው የተሰጡትን ክትባቶች ወረዳው «አሉኝ» ለሚላቸው ሕፃናት ቁጥር በማካፈል ነው። የሕፃናቱ ቁጥር ደግሞ ከ2007 የሕዝብ ቆጠራ ተነሥቶ በስሌት እየተገፋ እዚህ የደረሰ ግምት ነው (ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ)። ከዚያ ወዲህ ሰው ተፈናቅሏል፣ ከተማ ገብቷል፣ ቀበሌዎች ተከፍለዋል። የጎረቤት ወረዳ እናት የእርስዎ ጤና ጣቢያ ከቀረባት ልጇን እዚያው አስከትባ ትመለሳለች፤ ልጁ በተከተቡት መዝገብ ይገባል፣ በወረዳው ሕፃናት ቁጥር ውስጥ ግን የለም። ስለዚህ 104 ስለመጣ ማንም ዋሽቷል ማለት አይደለም። ማካፈያው ስቷል ማለት ነው።

የ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ዞሮ፣ ካርድ አይቶና እናቶችን ጠይቆ፣ ከ12 እስከ 23 ወር ዕድሜ ካላቸው ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ያገኙት 54 በመቶ መሆናቸውን ነው ያገኘው። የ2019ኙ አነስተኛ ጥናት 59 በመቶ አለ። በዚያው ዘመን ከየወረዳው የሚላከው ሪፖርት ከዚህ እጅግ ከፍ ያለ ነበር።

ካርዱ እውነት ሲሆንም ገና አልጨረስንም። ክትባት መሰጠቱ አንድ ነገር ነው፤ መያዙ ሌላ ነው። በ9 ወራቸው ከሚከተቡ መቶ ሕፃናት ክትባቱ የሚይዘው ወደ 85ቱ ገደማ ላይ ነው። በ2019 ሁለተኛ ዙር በ15 ወር እንዲሰጥ የተጨመረው ለዚህ ነው። ፍሪጁ መብራት ጠፍቶበት የሰነበተ ከሆነ፣ ወይም የተከፈተው ብልቃጥ ከ6 ሰዓት በላይ ከቆየ፣ የተወጋው መድኃኒት ከውኃ ላይሻል ይችላል፤ ካርዱ ላይ ግን ምልክቱ ይደረጋል። ኩፍኝ እንዳይዛመት ከመቶ ሰው 95 ያህሉ የተጠበቀ መሆን አለበት። እንግዲህ በወረዳዎ አንድም ልጅ ሳይቀር አንድ ጊዜ ቢከተብ እንኳ ከመቶው 15ቱ ለኩፍኝ ክፍት ናቸው። ወረርሽኙ የገባው በዚያ በር ሊሆን ይችላል።

ሳምንታዊው ሪፖርትስ? እሱ የሚቆጥረው የጤና ተቋሙን በር ያንኳኳውን ነው። አንድ የታመመ ልጅ በእርስዎ ቅጽ ላይ ለመስፈር ስንት መንገድ እንደሚሄድ እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል፦ ሕመሙ መታየት አለበት፤ እናቱ «ኩፍኝ ነው፣ ከቤት አይወጣም፣ ንፋስ እንዳይመታው» ብላ አልጋ ላይ እንዳታቆየው መሆን አለበት፤ መንገዱ ማለፍ አለበት፤ ጤና ጣቢያው ክፍት መሆን አለበት፤ ያየው ባለሙያ መጠርጠርና መጻፍ አለበት። በየደረጃው ሰው ይንጠባጠባል። እዚያ ድረስ የማይመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው ድሃ ነው፤ ክትባትም ያልደረሰው እሱ ነው። በደም የሚደረግ ዳሰሳ የተለየ የሚያደርገው ይህ ነው፦ ያልመጣውን ልጅ ቤቱ ድረስ ሄዶ ይቆጥረዋል።

ወላጆችን ሲያነጋግሩ ስለ «ፀረ እንግዳ አካል» (ሰውነት ጀርምን ለመከላከል ስለሚሠራው አንቲቦዲ) ማብራሪያ አይጀምሩ። የአያቶቻቸውን ክንድ ያስታውሷቸው። የፈንጣጣ ክትባት የተከተቡ ሰዎች ክንድ ላይ ዕድሜ ልክ የሚታይ ጠባሳ አለ። አንቲቦዲም በደም ውስጥ የሚቀር ጠባሳ ነው በሏቸው፤ በሽታው ሲያልፍ ወይም ክትባቱ ሲይዝ ይቀራል፣ በዓይን አይታይም፣ በላቦራቶሪ ይታያል። ሁለተኛው ጥያቄዎም በዚሁ ይመለሳል። ጠባሳ ቁስል ነበረ ይላል እንጂ አሁን እየደማ ነው አይልም። አንቲቦዲ የተገኘበት ልጅ በአብዛኛው በሽተኛ ሳይሆን የተጠበቀ ልጅ ነው።

እዚህ ላይ ለብዙ ዓመት ያንገበገበኝን ነገር ካልተናገርሁ አይሆንልኝም። ትኩሳት ይዞት ክሊኒክ ሄዶ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ያልተባለ ሰው በአገራችን ስንት ነው? ያ ውጤት የሚወጣው ዊዳልና ዌይል ፊሊክስ ከሚባሉ የአንቲቦዲ ምርመራዎች ነው። አንድ ጊዜ ብቻ በተወሰደ ደም ላይ የሚነበበው ያለፈ ጠባሳ፣ የክትባት አሻራ ወይም የሌላ ጀርም መመሳሰል ሊሆን ይችላል፤ ሕዝቡ ግን በየጊዜው አንቲባዮቲክ ይውጥበታል። ለሕዝብ ጥናት የሚጠቅም መሣሪያ ለአንድ ሰው ሕክምና ሲዞር ምን ያህል እንደሚጎዳ በየቀኑ የምናየው ነው። ኤችአይቪ ግን ከዚህ ይለያል፤ ቫይረሱ ከሰውነት ስለማይወጣ አንቲቦዲ መኖሩ ቫይረሱ አሁንም አለ ማለት ነው። በዚያም ቢሆን ከ18 ወር በታች ያለ ሕፃን ደም ውስጥ የሚገኘው የእናቱ ሊሆን ይችላል።

ደሙ ላይ ቀን አልተጻፈም። አንድ የ40 ዓመት ሰው የወባ አንቲቦዲ ቢገኝበት መቼ እንደያዘው አይታወቅም፤ በልጅነቱ ቆላ ወርዶ ሊሆን ይችላል። የ3 ዓመት ልጅ ላይ ከተገኘ ግን፣ ከእናቱ የወረሰው ጊዜው ካለፈ፣ ልጁን የነካው ነገር ባለፉት ሦስት ዓመታት እዚያ ሰፈር ነበረ። ቡድኑ ትንንሽ ልጆችን የሚፈልገው ለዚህ ነው። በአማራ ክልል ትራኮማ ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህንኑ ይጠቀሙበታል። የዐይን ቆብ ገልብጦ የማየት ውጤት በመርማሪው ይወሰናል፤ የአንዱና የሌላው ዓይን ደግሞ እኩል አያይም። የትራኮማ መድኃኒት የሆነው አዚትሮማይሲን ለዓመታት በታደለበት ወረዳ ግን ከታደለ በኋላ የተወለዱት ልጆች ደም ከአንቲቦዲው ንጹሕ ከሆነ ስርጭቱ መዳከሙን ይናገራል፤ አንቲቦዲ የሚገኝባቸው ልጆች ድርሻ ከዕድሜያቸው ጋር ከፍ እያለ ከሄደ ደግሞ ባክቴሪያው አሁንም ከልጅ ወደ ልጅ እየዞረ ነው።

ወደ ኩፍኝዎ ልመለስ፤ አንድ አስቸጋሪ ነገር አለና። የኩፍኝ አንቲቦዲ ከክትባት ይምጣ ከበሽታው በምርመራ አይለይም። ስለዚህ ዳሰሳው «90 በመቶ ተጠብቀዋል» ቢል ክትባቱ ሠርቷል ወይስ ወረርሽኙ ጠራርጎ አልፏል የሚለው አይመለስም። የተዋጣለት ቡድን ከዚያችው ጠብታ የቴታነስንም (የመንጋጋ ቆልፍን) አብሮ ያያል። ከመንጋጋ ቆልፍ ያገገመ ሰው እንኳ ከበሽታው መከላከያ አያገኝም፤ ስለዚህ በትንሽ ልጅ ደም የቴታነስ አንቲቦዲ ከተገኘ የመጣው ከክትባት ነው። የኩፍኝ አንቲቦዲ ያለው፣ የቴታነስ ግን ምንም የሌለው የ3 ዓመት ልጅ ሲያገኙ ያ ልጅ መደበኛውን ክትባት ሳያገኝ ኩፍኝ ይዞት የተረፈ ነው ብሎ መጠርጠር ይቻላል። በዘመቻ ኩፍኝ ብቻ የተከተበ ሊሆንም ስለሚችል ዘመቻ የተደረገበትን ወር ለቡድኑ ይንገሯቸው። ሄፓታይተስ ቢ ላይ ነገሩ ይቀላል፤ ክትባት አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ብቻ ይተዋል፣ ቫይረሱ የነካው ሰው ግን ሁለተኛም አለው።

ቤት ለቤት በተወሰደ ደም የአገር ቁጥር ሲለወጥ አንድ ጊዜ አይተናል። እስከ 2005 ድረስ የኤችአይቪን ስርጭት በዋናነት የምንገምተው ለእርግዝና ክትትል ከሚመጡ እናቶች ደም ነበር። ተቋማቱ ያሉት በብዛት በከተማና በመኪና መንገድ ዳር ነው፤ ከመንገድ የራቀችው የገጠር እናት በዚያ ዘመን ለክትትል እምብዛም አትመጣም ነበር። ከዚያ የወጣው የ2005 ግምት 3.5 በመቶ ነበር። በዚያው ዓመት የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቱ የጣት ደም በወረቀት አድርቆ አዲስ አበባ ሲያስመረምር 1.4 በመቶ አገኘ። ክርክሩ ከባድ ነበር፤ በ2007 ሁለቱን ምንጮች አስታርቆ የወጣው አንድ ግምት 2.1 በመቶ ሆነ። የቤት ለቤቱ ጥናትም የራሱ ጉድለት አለበት፤ ካምፕ ያለውን፣ ለሥራ የራቀውን፣ «ደሜን አልሰጥም» ያለውን አያገኝም። ግን ከአማካዩ ጀርባ ያለውን አሳየን፦ ጋምቤላ 6 በመቶ፣ አዲስ አበባ 4.7 በመቶ። እኔ ከ1.4 ይልቅ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ነው የማስታውሰው። መድኃኒት ወዴት እንደሚላክ የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

ኮቪድ ደግሞ ሪፖርትና ደም ምን ያህል ሊራራቁ እንደሚችሉ አሳየ። በአዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሠራተኞች ላይ በተደረገ ክትትል በነሐሴ 2020 አንቲቦዲ የተገኘባቸው 10.9 በመቶ ነበሩ፤ በየካቲት 2021 53.7 በመቶ ደረሱ። በጅማም ከ30.8 ወደ 56.1 በመቶ በሦስት ወር ወጣ። በዚያው የካቲት መጨረሻ በመላ አገሪቱ በምርመራ የተረጋገጠው ወደ 160,000 ሰው ነበር፤ ከሺህ ሰው ሁለት እንኳ አይሞላም። የሆስፒታል ሠራተኛ ሕዝቡን አይወክልም፣ ከማንም በላይ የተጋለጠ ነው፤ ልዩነቱ ግን በዚያ ብቻ የሚሸፈን አይደለም። ኬንያ ሌላ መላ ዘየደች፤ ለሌላ ጉዳይ ከተለገሰ ደም 3,098 ናሙና መርምራ በ2020 አጋማሽ 4.3 በመቶ ገመተች። በግንቦት መጨረሻ የተመዘገቡት ታማሚዎች ወደ 2,000 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ ደሙ የተናገረው ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው ነው። ደም ለጋሽ ጎልማሳ ነው፣ ሕፃንና አዛውንት የለበትም፤ ቢሆንም በዚያ ቀን በእጃቸው ያለው እሱ ነበርና በስሌት አርመው ተጠቀሙበት።

አሁን ሰው የሚዘነጋውን ልንገርዎ፤ ይህን ከያዙ የትኛውንም የዳሰሳ ሪፖርት በልበ ሙሉነት ያነባሉ። 1,000 ሰው መረመርን እንበል፤ በእውነት በሽታው የነካቸው 20 ናቸው። መመርመሪያው ከተነኩት መቶ ሰዎች 90ውን ይይዛል፤ ካልተነኩት መቶ ሰዎች ደግሞ በስሕተት ሁለቱን «አለበት» ይላል። ጥሩ መመርመሪያ ነው። ከ20ዎቹ 18ቱን ያገኛል። ካልተነኩት 980 ሰዎች ግን ወደ 20ው በሐሰት ይገቡበታል። ድምሩ 38፤ ሪፖርቱ ላይ 3.8 በመቶ ተብሎ ይጻፋል፣ ከእውነቱ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ያው መመርመሪያ 400 ሰው በተነካበት ከተማ ቢሄድ 360 እውነተኛና 12 ሐሰተኛ፣ በድምሩ 372 ያገኛል፤ ለእውነቱ ቅርብ ነው። ማረሚያው ከባድ አይደለም፦ ከ3.8 ላይ የሐሰቱን 2 ቀንሰው ለ0.88 ያካፍሉ፣ ወደ 2 ይመለሳል። 0.88 የመጣው 0.90ን (ከተነኩት የሚይዘውን) እና 0.98ን (ካልተነኩት በትክክል «የለበትም» የሚለውን) ደምሮ 1 በመቀነስ ነው።

ይህ የሚሠራው ግን የስሕተቱ መጠን በእኛው ሰው ደም ላይ ከተፈተነ ነው። በኮቪድ ጊዜ አውሮፓ ውስጥ እንከን ያልተገኘባቸው አንዳንድ መመርመሪያዎች ወባ ከበዛበት አካባቢ ከወረርሽኙ በፊት በተቀመጠ ደም ላይ «ኮቪድ ነበረ» ይሉ ነበር። የቢጫ ወባና የዴንጊ አንቲቦዲዎችም ይመሳሰላሉ፤ ድሬዳዋ ላይ በ2013 ዴንጊ ከታየ ወዲህ በዚያ ቀጠና የቢጫ ወባ ዳሰሳ የሚሠራ ሰው ሁለቱን መለያ ተጨማሪ ምርመራ ካላደረገ ቁጥሩን ባላምነው አይፈረድብኝ።

አንድ ቀን የሆነውን ላጫውትዎ። አንድ ደጋ ቀበሌ ውስጥ የ4 ዓመት ልጅ ከአያቷ ጋር አገኘን። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ቤተሰቡን ታውቃቸዋለችና በሩን የከፈተችልን እሷ ናት። የልጅቷን የቀለበት ጣት ጠረግን፣ በላንሴት ወጋን፤ የመጀመሪያው ጠብታ ተጠርጎ ይጣላል፣ ቀጣዩ ወረቀቱ ላይ ወዳለው ክብ በራሱ ክብደት እንዲወርድ ይተዋል። ጣቱ ወረቀቱን ከነካ ወይም በአንዱ ጠብታ ላይ ሌላ ከተደረበ ያ ክብ ተበላሸ። አራት ክብ ሞላንና ጭስ፣ ዝንብና ፀሐይ በማይደርስበት ቦታ አሳደርነው። ጠዋት ደሙ ቡና መስሎ ሲደርቅ እርጥበት ከሚመጥ ዶቃ ጋር በላስቲክ ከረጢት ገባ። በረዶ አልያዝንም፣ ጀነሬተር አልጎተትንም። ለእኛ አገር የሚሆን ዘዴ ያደረገው ይህ ነው።

አያቷ ሁለት ጥያቄ ጠየቁኝ። «ይህን ደም ትሸጡታላችሁ እንዴ?» አሉኝ፤ ወረቀቱን በእጃቸው አስይዤ አሳየኋቸው፣ ለማንም ሰው እንደማይለገስ ነገርኳቸው። ቀጥለው «ምን እንደሆነ ተመልሳችሁ ትነግሩናላችሁ?» አሉኝ፤ አዎ አልኩ። ያ ጥናት ውጤቱ ወደ ወረዳው ሳይመለስ ከሦስት ዓመት በላይ ቆየ። ቃሌን የበሉት ሰዎች የራሴ የሥራ ባልደረቦች ነበሩ፣ እኔም ተከታትዬ አላስጨረስኩም። እኒያ እናት ከዚያ በኋላ የሚመጣን ቡድን በር ቢዘጉበት እውነት አላቸው።

በዚያው ቀበሌ ሌላም ነገር ተማርን። በዕጣ ከወጡት ልጆች ብዙዎቹ ወንዶች በቀን ቤት የሉም፤ ከብት ይጠብቃሉ። ቡድኑ «አልተገኘም» ብሎ ጎረቤት ያለውን ልጅ ቢተካ ኖሮ ጥናቱ የትምህርት ቤትና የቤት ልጆች ጥናት ይሆን ነበር። እሑድ ማለዳ ተመለስን። ከብዛት ይልቅ ይህ ይበልጣል። በቁጥር ረገድ ስርጭቱን አምስት የመቶኛ ነጥብ ወዲህ ወዲያ ለማወቅ ወደ 384 ልጅ ይበቃል፤ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ እጥፍ ይደረጋል፣ ለማይገኙት ይጨመርና 850 አካባቢ ይሆናል። በዕጣ የወጣው ልጅ ካልተፈለገ ግን 8,500ም አያድንም።

ስለ ገንዘቡ የማምነውን ልንገርዎ። የክትባት ፍሪጅዎ ተበላሽቶ ከሆነ መጀመሪያ ፍሪጁ ይጠገን። ለአንድ በሽታ ብቻ ተብሎ መኪና፣ አበልና መርፌ ይዞ አገር የሚያዳርስ ዳሰሳ ለእኛ ቅንጦት ነው። ነገር ግን ለሌላ ጥናት ቤት ለቤት የሚዞር ቡድን አስቀድሞ ካለ፣ ከዚያችው ጠብታ ኩፍኙን፣ ቴታነሱን፣ ወባውንና ትራኮማውን በአንድ ላይ ማንበብ ይቻላል፤ ባለ ቀለም ጥቃቅን ዶቃዎች ላይ እያንዳንዱን የጀርም ክፍል አጣብቆ የሚያነብ መሣሪያ አለ። በ2015 ለወባ ጥናት የተሰበሰበው የደረቀ ደም በኋላ በዚህ መንገድ ተመርምሮ ወባ በየአካባቢው ምን ያህል ሰው ነክቶ እንዳለፈ አሳይቷል። ወላጅ ግን ደሙ ለሌላም እንደሚመረመር ሲፈቅድ ሊነገረው ይገባል። መሣሪያውም እጁም አገር ውስጥ ይሁን፤ ናሙና ወደ ውጭ ተልኮ ቁጥር ብቻ የሚመለስበት አሠራር የእኛን ላቦራቶሪ አያሳድግም።

ቡድኑ ሲመጣ እነዚህን ይጠይቋቸው፦ ውጤቱ ስንት ሲሆን ምን ሊደረግ ነው? ከዚህ በታች ከሆነ ዘመቻ ይደረጋል ተብሎ ከአሁኑ ካልተጻፈ ደሙን ለምን እንደሚወስዱ አስረድተው አያሳምኑዎትም። ቴታነስ አብሮ ይታያል ወይ? መመርመሪያው በኢትዮጵያውያን ደም ተፈትኗል ወይ? እረኞቹንስ መቼ ተመልሰው ያገኟቸዋል? ውጤቱ ለወረዳው በየትኛው ወር እንደሚደርስ ቀኑን በጽሑፍ ይቀበሏቸው፤ ለቀበሌ ሽማግሌዎችም ያንኑ ቀን ይንገሯቸው።

እስከዚያው የሁለቱን ወረርሽኞች የታማሚዎች መዝገብ አውጥተው ዕድሜያቸውን ይደርድሩ። ብዙዎቹ ከ9 ወር በታች ከሆኑ የእናቶቹ መከላከያ ቶሎ እያለቀ ነው። ከ1 እስከ 4 ዓመት ከሆኑ መደበኛ ክትባቱን ወይም ፍሪጁን ይመልከቱ። ከ5 እስከ 14 ከሆኑ ከዓመታት በፊት ያመለጡ ልጆች ተጠራቅመው ነውና ቡድኑ እስከ 14 ዓመት ያሉትን እንዲያካትት ከአሁኑ ይንገሯቸው፤ የዕድሜ ገደቡ ሥራው ከተጀመረ በኋላ አይቀየርም።